ብረት አጥር ኮንክሪት ላይ፦ ደብረ ብርሃን፣ ነፋስ የሚበዛበት ቦታ፣ ምከሩኝ

ጠባሴ_ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው የሚጀምርበት ላይ። ግቢያችን ዙሪያውን ወገብ የማይደርስ የድንጋይ ግንብ አለው። ግንቡ ላይ ኮንክሪት ተሞልቷል፣ ወርዱ 25 ሳንቲም ነው። እስካሁን ከላዩ በባሕር ዛፍ አጣናና በቆርቆሮ ታጥሮ ነበር፣ ግን ነፋስ ሲነሳ ቆርቆሮው እየተንኳኳ እንቅልፍ ነሳን፣ አጣናውም በስብሷል።

አሁን የብረት አጥር ላሠራ ነው። ከግንቡ በላይ 2 ሜትር ቁመት። ሁለት ባለሙያ ጠርቼ ሁለት የተለያየ ነገር ነገሩኝ። አንዱ ከቋሚው ሥር ፕሌት በይዶ በፊሸር ብሎን (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ሲጠብቅ እየሰፋ በሚይዘው) ኮንክሪቱ ላይ አስሬ እጨርሳለሁ አለኝ። ሌላኛው «ፊሸር ቀልድ ነው፣ ኮንክሪቱን ፈልቅቄ ውስጡ ካለው የቶንዲኖ ብረት ጋር እበይደዋለሁ» አለ። አጎቴ ደግሞ ሁለቱንም ሰምቶ «ግንቡን ተወውና ቋሚውን መሬት ቅበረው» ይላል። ባለቤቴ መንገደኛ እንዳያየን ሙሉ ላሜራ ይሁን ብላለች። ማንን ልስማ?

ብየዳ_በአደባባይ

ወንድሜ የመጀመሪያውን ሰውዬ ስማ። እኔ ደብረ ሲና ነው የምሠራው፣ ፕሌት ላይ የቆመ አጥር ስንቱን ሠርቻለሁ። ፕሌቱ 15 በ15 ሳንቲም፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ይሁን። 5 ሚሊ ላሜራ ቆርጦ «ፕሌት ነው» የሚልህን አባርረው፣ ሲበየድ ይጣመማል፣ ብሎኑ ሲጠብቅም ጥጉ ላይ ይነሳል። አራት ቀዳዳ፣ ባለ 12 ሚሊ ብሎን። ቋሚው 60 በ60 ሚሊ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ውፍረቱ ቢያንስ 2 ሚሊ፣ አቅም ካለህ 3። ብረቱ 6 ሜትር ስለሆነ ከአንዱ ሦስት ቋሚ ይወጣልሃል፣ ብክነት የለውም፣ 2 ሜትር ማለትህ ራሱ ጥሩ ነው።

ብየዳው ግን ቤት ይለቅ። ፕሌትና ቋሚው ዎርክሾፕ ውስጥ ተበይዶ፣ ተጠርጎ፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ተቀብቶ ይምጣ። የፕሌቱ ሆድ ከተገጠመ በኋላ በብሩሽ አይደረስም። ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጣርማበር_ነፋስ

ሙሉ ላሜራ??? ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ? 2 ሜትር? ፈጣሪ ይርዳህ።

እኛ ጣርማበር ላይ ሙሉ ላሜራ ያሠራ ጎረቤት አለን። ክረምቱ ሳይወጣ አጥሩ ወደ ውስጥ ሰግዶ አደረ። ብሎኑ አልተበጠሰም፣ ፕሌቱም አልተጣመመም። የኮንክሪቱ ጠርዝ ነው ከነብሎኑ ገምሶ የወጣው። ሰውዬው እስከ ዛሬ «ብሎኑ ቻይና ስለሆነ ነው» ይላል፤ ብሎኑ ግን ሙሉ ነው፣ ከነኮንክሪቱ ቁራጭ በር ላይ አስቀምጦታል።

ስሌት_ወዳድ

ጣርማበር ያልከው ትክክል ነው፣ ምክንያቱን ላስረዳ፣ ትንሽ ቁጥር አለው ታገሡኝ።

በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ይምጣ እንበል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ግፊቱም ከቆላው ይቀንሳል። እሱንም ቀንሰን፣ በሁለት ቋሚ መሃል ያለው ላሜራ 2 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል ቢሆን፣ አንድ ቋሚ የሚሸከመው የነፋስ ግፊት ወደ 150 ኪሎ ይጠጋል። 150 ኪሎ ብቻውን ብዙ አይደለም። ችግሩ የሚገፋው የት ላይ ነው የሚለው ነው። አማካይ ቦታው ከፕሌቱ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ብሎኖቹ የሚይዙት ግን በ12 ሳንቲም ገደማ ርቀት ነው። ስለዚህ ጉልበቱ በስምንት እጥፍ ይባዛል፣ ከ1,200 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ይህን የሚችሉት በነፋሱ በኩል ያሉት ሁለት ብሎኖች ናቸው። ለእያንዳንዱ ከ600 ኪሎ በላይ ወደ ላይ መነቀል።

ባለ 12 ሚሊ ብሎን ጥሩ ኮንክሪት መሃል ላይ ቢሆን ይህን ይችላል። ያንተ ግን መሃል አይደለም። ወርዱ 25 ሳንቲም ነው ብለሃል። ፕሌቱ 15 ሲሆን ቀዳዳዎቹ ከጠርዙ 6 ወይ 7 ሳንቲም ላይ ይውላሉ። ፊሸር ብሎን የሚይዘው ጎንና ጎኑን እየገፋ ነው፣ ያ ግፊት ወደ ጠርዝ ሲቀርብ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። እንደኔ እንደኔ ባለ 12 ሚሊ ብሎን ቢያንስ 10 ሳንቲም ከጠርዝ መራቅ አለበት። የጣርማበሩ ጎረቤት ብሎን ከነኮንክሪቱ የወጣው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ፊሸር ወይስ ብየዳ» አይደለም። ከሥር ያለው ምንድን ነው፣ ምን ያህል ጥልቀት አለው፣ ከላይስ ምን ታለብሰዋለህ ነው።

ብየዳ_በአደባባይ

ስሌቱን አልከራከርም፣ ግን ሥራ ላይ ሁሉም ሰው ላሜራ አያለብስም። ፍርግርግ ከሆነ ነፋሱ ያልፋል፣ ቀልድ አይደለም ልዩነቱ።

ስሌት_ወዳድ

እሱ እኮ ነው። ግማሽ ክፍት ከሆነ ጭነቱ በጣም ይወርዳል።

ጠባሴ_ማዶ

አመሰግናለሁ፣ ስሌቱን ለባለቤቴ አነበብኩላት። «እንግዲያው ታችኛውን ላሜራ፣ ላዩን ፍርግርግ» ብላለች፣ ይኼ ያስኬዳል? ሁለተኛው ባለሙያ ያለውስ፣ ከቶንዲኖ ጋር መበየድ?

ስሌት_ወዳድ

ታችኛው ላሜራ ላዩ ፍርግርግ በጣም ያስኬዳል። ነፋሱ የሚይዘው ከታች ስለሚሆን ቋሚውን የሚያጋድልበት ጉልበትም ያንሳል።

ከቶንዲኖ ጋር መበየዱን አልወደውም። አንደኛ፣ ገበያ ላይ ያለው ቶንዲኖ አብዛኛው በሙቀትና በውሃ የጠነከረ ነው፣ ብየዳ ሲነካው በዚያች ቦታ ጥንካሬው ይለወጣል፣ ሊሰባበርም ይችላል። ሁለተኛ፣ ኮንክሪቱን ስትፈለቅቀው ከሥሩ ያልፈለቀቅከውም ይሰነጠቃል። ሦስተኛ፣ ውሃ በቋሚው ጎን ወርዶ ቶንዲኖው ጋ የሚደርስበት መንገድ ትከፍታለህ። ቶንዲኖ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ቢሆን ኖሮ ፕሌቱን ከነእግሮቹ ከቶንዲኖው ጋር በሽቦ አስሮ አብሮ መሙላት ነበር ምርጡ። አሁን ግን አልፏል።

አንድ ነገር ግን በመጀመሪያ አጣራ። ኮንክሪት ነው ያልከው እውነት ኮንክሪት ነው? ብዙ ቦታ ድንጋይ ግንብ ላይ ሦስት አራት ሳንቲም ልስን ለብሶ ከላይ ሲታይ ኮንክሪት ይመስላል።

ሮቢት_ፀሐይ

ይሄን ጉዳይ ሳይጣራ ሰው ሁሉ ሥራ ይጀምራል። በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ ሁለት ሦስት ቦታ ብሳ። ግራጫ ዱቄት እያወጣ ጠጠር እየመታ ቀስ እያለ ከገባ ኮንክሪት ነው። በአንድ ጊዜ ሸርተት ብሎ ገብቶ ከዚያ ደርቆ ከቆመ ልስኑን አልፈህ ድንጋይ ላይ ደርሰሃል። ባዶ ቦታ ውስጥ ከገባ ደግሞ በድንጋዮቹ መሃል ሙሌት የለም። በመዶሻ ስትመታውም ድምፁ ይለያል።

ጠባሴ_ማዶ

ጉድ ነው። በስቼ አየሁት። በመንገዱ በኩል ያለው እውነተኛ ኮንክሪት ነው፣ የትራፓኖው ፑንታ ጥሩ አድርጎ ታገለ፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲም ይሆናል። በጓሮ በኩል ያለው አሮጌው ክፍል ግን ልስን ነው፣ ከሥሩ ድንጋይ። አባቴ በነበረበት ጊዜ የተሠራ ነው። ለሁለቱ ሁለት ዓይነት ሥራ ሊሆን ነው ማለት ነው?

ጣርማበር_ነፋስ

ገንዘብ ተቆጠበልህ ወንድሜ። ብሎኑን ልስን ላይ ብታስረው ኖሮ የበግ ጉሸማ አይችልም ነበር።

ስሌት_ወዳድ

አዎ ሁለት ዓይነት።

በመንገዱ በኩል፦ ፊሸር ብሎኑን ተወውና በኢፖክሲ (ጠንካራ ማጣበቂያ ነው) የሚጣበቅ የብረት ዘንግ ተጠቀም። ኢፖክሲ ኮንክሪቱን ወደ ጎን አይገፋም፣ ስለዚህ ጠርዝ ላይ ይሻላል። ሌላው አማራጭ ከኮንክሪቱ ግራና ቀኝ የሚያቅፍ የዩ ቅርጽ ያለው ፕሌት ሠርቶ በጎን ተሻግሮ የሚያልፍ ረጅም ብሎን በዳዶ ማሰር ነው። እሱ ተነቅሎ አይወጣም፣ ኮንክሪቱን አቅፎታል። ብረት ይፈጃል፣ ያምራል ማለት ግን አልችልም።

በጓሮ በኩል፦ ቋሚው በሚቆምበት ቦታ ልስኑንና ድንጋዩን አፍርሰህ 30 በ30፣ ጥልቀቱ 50 ሳንቲም ያህል ኪስ ክፈት። ቶንዲኖ አስገብተህ ኮንክሪት ሙላ፣ ፕሌቱን ከነእግሩ እርጥብ ላይ አስቀምጥ። እንዲህ ያለ ልስን የለበሰ የድንጋይ ግንብ ላይ ፊሸር አይታመንም፣ ብሎኬት ላይም አይሠራም፣ የብሎኬቱን ክፍት ሆድ ገፍቶ ይሰብረዋል።

እትዬ_መሀል_ሜዳ

ልጆች እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ግቢዬ ያስተማረኝን ልበል። መንዝ ላይ ነኝ፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። የእኛ የብረት አጥር ቀለሙ አምሮ ነበር የተሠራው። ውስጡ ግን ባዶ ብረት ነው አይደል፣ ላዩን ሳይደፍኑት ሄዱ። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ጠጣ። ከታች የሚወጣበት የለውም፣ ፕሌቱ ደፍኖታል። ከውጭ ጤነኛ ይመስላል፣ ከውስጥ ተበልቶ አልቋል፣ አንድ ቀን በጣቴ ብገፋው ገባ። ልጄ ሲቆርጠው ዝገት እንደ ቡና ዝቃጭ ፈሰሰ።

ላዩ በላሜራ ይደፈን፣ ዙሪያው ይበየድ። ከታችም ጠብ የምትልበት ትንሽ ቀዳዳ ይተዉለት። ሌሊት ብረቱ ሲቀዘቅዝ ከውስጥም ይወዛልና።

ብየዳ_በአደባባይ

እትዬ ትክክል ብለዋል። ክዳን ሳይበይዱ የሚሄዱ አሉ፣ አንድ ኤሌክትሮድ ላለመጨረስ። ቀዳዳው ከፕሌቱ ብየዳ በላይ በ8 ሚሊ ፑንታ ትበሳለች፣ በአንቲረስት ጠርዟ ይቀባል። ጠያቂው ይህን ውል ላይ ጻፍ፣ አፍ ሰምቶ የሚረሳ ብዙ ነው።

ሌላ ነገር፣ ጋልቫናይዝድ ብረት ከገዛህ በያጁ የሚበይድበትን ቦታ ዚንኩን በግራይንደር ያንሳው፣ ጭሱን አይሳበው። ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል። ወተት ጠጡ የሚሉት መከላከያ አይደለም፣ ቢጠጣ ጥጋቡ ነው፤ ነፋስ ባለበት ቦታ መሥራትና አፍንጫን መሸፈን ነው። ከብየዳ በኋላ ዚንኩ የተቃጠለበት ላይ በዚንክ ቀለም ይሸፈን፣ ካልሆነ ጋልቫናይዝድ የገዛህበት ትርፍ ዋጋ እዚያው ቀረ።

ጅሩ_ጥቁርአፈር

አጎቱ ያሉት ግን ለምን ታለፈ? መሬት መቅበር። ብዙ ሰው እሱን ነው የሚያደርገው።

ስሌት_ወዳድ

መልሱ አንተ ስም ላይ አለ እኮ 😂

ጅሩ_ጥቁርአፈር

እሺ ገባኝ፣ እኔው ልመልስ። እነዋሪ በኩል አፈሩ ጥቁር ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቋሚ ብትቀብርበት በአንድ ሁለት ክረምት አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ያጋድላል፣ በሩም አልዘጋም ይላል። ደብረ ብርሃን ሜዳው ላይም እንደዚህ ያለ ቦታ አለ። ግቢህ እንደዚያ ከሆነ ግንቡ ላይ መሆኑ ይሻልሃል፣ አጎትህን በአክብሮት «እሺ» በላቸውና ተዋቸው።

ጠባሴ_ማዶ

አፈሩ ጥቁር ነው። አጎቴን «እሺ» ማለት ቀላል እንዳይመስልህ 😅

ግን አንድ ሰው በግል ጻፈልኝ፣ ከውስጥ በኩል ሰያፍ ደጋፊ ብረት ለየቋሚው ስጠው፣ እግሩን መሬት ላይ ትንሽ ኮንክሪት ሙላለት፣ ያኔ ብሎኑ አይጨነቅም አለኝ። ይህስ?

ስሌት_ወዳድ

ሐሳቡ በመሠረቱ ልክ ነው፣ ደጋፊ ሲኖር ያ ስምንት እጥፍ ያልኩት ይቀራል። ነገር ግን የጥቁር አፈሩ ነገር እዚህም ይመጣል። የደጋፊው እግር አፈሩ ሲያብጥ ወደ ላይ ይነሳና ቋሚውን ይገፋዋል፣ በበጋ ይጎትተዋል። ግንቡ አይንቀሳቀስም፣ ደጋፊው ይንቀሳቀሳል፣ መሃል ላይ ያለው ብሎን ይሠቃያል። ግንብህ ውስጥ በኩል ወጣ ያለ የድንጋይ መሠረት ካለው እዚያ ላይ አሳርፈው። ከሌለ ደጋፊውን ተውና ቋሚዎቹን አቀራርብ፣ በ2 ሜትር ተኩል ፋንታ በ2 ሜትር። ላሜራውንም ከ1 ሜትር በላይ አታስኪደው።

ሮቢት_ፀሐይ

የሙቀቱን ነገር ማንም አላነሳም። ሸዋ ሮቢት እኛ ጋ ብረት በቀን እጅ ያቃጥላል። እናንተ ጋ ደግሞ ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ጠራራ ፀሐይ። 10 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲለዋወጥ ከ3 ሚሊ በላይ ይረዝማል ያጥራል። ዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ አንድ ላይ ከተበየደ ያ እንቅስቃሴ የሚያርፈው ብሎኖቹ ላይ ነው። በየ10 ሜትሩ ገደማ አንድ መገጣጠሚያ ሳይበየድ በሞላላ ቀዳዳና በብሎን ይታሰር። በያጁ «ምን ያደርግልሃል» ቢልህ እሺ አትበለው።

ብየዳ_በአደባባይ

ይህንን እኛ ጋ ማንም አይሠራውም ግን ልክ ነህ። የተሰነጠቀ ብየዳ ስጠግን የምውለው አብዛኛው ረጅም አጥር ላይ ነው።

ጠባሴ_ማዶ

ኢፖክሲው ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ይደርቃል? ሥራው ኅዳር ውስጥ ነው የሚሆነው መሰለኝ።

ስሌት_ወዳድ

ይደርቃል፣ ግን ይዘገያል። ሞቃት ቦታ በሰዓታት የሚያልቀው ብርድ ላይ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ዜሮ አካባቢ ጭራሽ የማይሠሩም አሉ። እቃው ላይ በስንት ዲግሪ ስንት ሰዓት የሚል ሰንጠረዥ አለ፣ ሻጩን ሳይሆን ሰንጠረዡን እመን። ከረፋድ በኋላ ፀሐይ ኮንክሪቱን ስታሞቀው ሥራ፣ ቱቦውን ከመጠቀምህ በፊት ቤት ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ አኑረው።

ከሁሉ በላይ ግን ቀዳዳው ይጠረግ። ንፋ፣ በሽቦ ብሩሽ ጥረግ፣ ደግመህ ንፋ። ዱቄት ያለበት ቀዳዳ ውስጥ ኢፖክሲው የሚጣበቀው ዱቄቱ ላይ ነው፣ ዘንጉ በእጅ ተስቦ ይወጣል። የብስክሌት ፓምፕ ላይ ቀጭን ቱቦ አድርገህ ከሥር ጀምረህ ንፋው፣ ዓይንህን ጠብቅ። በአፍ እፍ ማለት እርጥበት ያስገባል።

በጓሮ የምትሞላቸውን ኪሶች በተመለከተ፣ ውርጭ ያለበት ሌሊት አዲስ ኮንክሪት ሳይሸፈን አይደር። ጆንያ፣ ገለባ፣ ላስቲክ፣ ያለህን አልብሰው። ለአንድ ሳምንት ቀን ቀን ውሃ አጠጣው። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28 ቀን ነው ይባላል፣ ብርድ ላይ ከዚያም ይዘገያል፣ ስለዚህ ላሜራውን ለመጫን አትቸኩል። ቋሚው ይቁም፣ ልብሱ ይቆይ።

እትዬ_መሀል_ሜዳ

ፕሌቱ ሥር ውሃ የሚያቁርበት እንዳይሆን። የእኛው ላይ ፕሌቱ ከኮንክሪቱ ከፍ ብሎ ክፍት ነበር፣ ውሃ እየገባ ይተኛበት ነበር።

ብየዳ_በአደባባይ

እሱን በሙሌት ነው የምንጨርሰው። ከፕሌቱ ሥር ዳዶ እያስገባን በውሃ ልክ ቋሚውን እናስተካክላለን፣ በላንዛ ገመድ መስመር እናወጣለን፣ ከዚያ የቀረውን ክፍተት በደረቅ ያለ የሲሚንቶና አሸዋ ሙሌት ጠቅጥቀን እንሞላለን። ዙሪያውን ወደ ውጭ ዘቅዘቅ አድርጎ መላሰን ነው። ከብሎኑ ላይ ሮንዴላ አይረሳ፣ የዳዶውን ላይ ደግሞ ቀለም ቀቡት።

ጠባሴ_ማዶ

ወስኛለሁ። መንገዱ በኩል ኢፖክሲ፣ ጓሮው ላይ ኪስ፣ ቋሚ በየ2 ሜትር፣ ላሜራ እስከ 1 ሜትር ከዚያ ፍርግርግ፣ በየ10 ሜትሩ ያልተበየደ መገጣጠሚያ፣ ክዳንና ቀዳዳ። ሁሉንም ጽፌ ለባለሙያው ሰጠሁት፣ ሲያነበው «መሀንዲስ ነህ እንዴ?» አለኝ። ዋጋም ጨመረ እርግጥ።

አንድ የቀረኝ፦ የመኪናውን በር ቋሚም እዚያው ግንቡ ላይ በፕሌት ላቁመው?

ስሌት_ወዳድ

በፍጹም። የበር ቋሚ ሌላ ነገር ነው። በሩ ሲከፈት ሙሉ ክብደቱ በአንድ ጎን ይንጠለጠላል፣ በየቀኑም ይናጣል። ለሁለቱ የበር ቋሚዎች ለብቻ መሠረት ቆፍር፣ ጥቁር አፈሩን አልፈህ ጠንካራ መሬት እስክታገኝ። ካላገኘህ ሁለቱን ከሥር በአርማታ ማገር አያይዛቸው፣ ቢንቀሳቀሱም አብረው እንዲንቀሳቀሱ። ከግንቡ ጋር አታገናኛቸው፣ 2 ሳንቲም ክፍተት ተው።

ጅሩ_ጥቁርአፈር

ጥልቀቱን አፈሩ ይነግርሃል፣ ጥቁሩ አልቆ ቀለሙ ሲቀየርና ካዝማው ሲነጥር። እኛ ጋ አንዳንዱ ቦታ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል፣ ስለዚህ ቆፋሪውን በቀን ሳይሆን በቁርጥ ተዋዋል። 

ጠባሴ_ማዶ

አጎቴ ይህን ሲሰሙ «ቅበረው አላልኩም?» ሊሉ ነው 😂 ለበሩ ብቻ ይሁንላቸው።